«በዓይኔ አይቻለሁ» — ስለ አምስቱ ሕዋሳት አጭር ጥናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ ዕትም ስለ አምስቱ ሕዋሳት እንድጽፍ በትምህርት ክፍሉ ስታዘዝ፥ በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሥነ ሕይወት ስለሆነ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዓይን ያያል፥ ጆሮ ይሰማል፥ አፍንጫ ያሸታል፥ ምላስ ይቀምሳል፥ እጅ ይዳስሳል ብሎ ሁለት ገጽ መሙላት አያቅትም። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር አንድ የራሴ ጉዳይ ከፊቴ እየተደቀነ አላስጽፍ አለኝ። ስለዚህ አስቀድሜ እርሱን ልናገርና ወደ ትምህርቱ ልለፍ።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል በዓል ስንዘጋጅ ለመዘምራን ልብስ የተዋጣው ገንዘብ ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። በዚያው ምሽት፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ፥ ነጭ ነጠላ ያጣፋ ሰው ከዕቃ ቤቱ በር ወጥቶ በግቢው ዛፎች ሥር ሲሄድ ከሠላሳ ወይም ከአርባ ሜትር ርቀት አይቼ ነበር። ስጠየቅ የአንድ ወንድማችንን ስም ጠራሁ። «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። አብረውኝ ቆመው የነበሩት ሁለት ልጆችም «አዎ፥ እርሱ ነው» አሉ። ያ ወንድማችን «በዚያ ሰዓት እዚህ አልነበርኩም» ቢልም የሚሰማው አላገኘም፤ በደመራው ዕለት ከመዘምራኑ ጋር ሳይወጣ ቀረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ በፖስታ እንደ ታሸገ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ተገኘ። በዚያ ምሽት በበሩ የወጣው ሰውም ከበሮ ሊመልስ የገባ ሌላ አገልጋይ ነበር፤ ይህንም ራሱ ተናገረ። የሰረቀ ሰው አልነበረም።

ይቅርታ ጠየቅሁት፥ እርሱም ይቅር አለኝ፤ ይህንንም የምጽፈው እርሱ ፈቅዶልኝ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኔ አልዋሸሁም። በዚያ ምሽት የዚያን ልጅ ፊት አይቻለሁ፤ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ሳስበው ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ታዲያ በዚያ ቦታ ያልነበረን ፊት እንዴት ላይ ቻልኩ? ጥናቴ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በትምህርት ቤት «ሕዋስ» ሲባል ሥጋችን የተሠራበት ረቂቅ ክፍል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ግን ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። እንዳይምታታብን የመጀመሪያውን «ሴል» እያልኩ፥ «ሕዋስ» የሚለውን ቃል ለሁለተኛው ብቻ እተወዋለሁ። ደግሞ የዛሬ ሊቃውንት ሕዋሳት ከአምስት ይበልጣሉ ይላሉ፤ ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችንን አፍንጫችን ላይ ማሳረፍ የምንችለው ክንዳችን የት እንዳለ የሚነግረን ሌላ ሕዋስ ስላለ ነው፤ ሚዛናችንን የሚጠብቅልንም በውስጠኛው ጆሮ የሚገኝ ሌላ ነው። እኔ ግን በለመድነው ቍጥር እሄዳለሁ።

ዓይን ልክ እንደ ፎቶግራፍ ማንሻ ነው ሲባል ሰምተናል። ምሳሌው ግማሽ እውነት ነው። ብርሃን በብሌኑ ገብቶ፥ በሌንሱ ተሰብስቦ፥ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ተገልብጦ ያርፋል። እስከዚህ ድረስ ካሜራ ነው። በሬቲናው ላይ ግን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። ሾጣጣ ቅርጽ ያላቸው ጥቂት ሚሊዮን ሲሆኑ ቀለምንና ጥቃቅን መልክን የሚለዩ እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ። ዘንግ መሳዮቹ በአንድ ዓይን ውስጥ ወደ መቶ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በጭላንጭል ብርሃን እንኳ ይሠራሉ፥ ቀለምን ግን አይለዩም፥ መልክንም አጥርተው አያሳዩም። ከእነዚህ ሁሉ ሴሎች የሚሰበሰበው ወሬ ወደ አንጎል የሚሄደው አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ባሉት በአንድ ነርቭ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የመቶ ሚሊዮን ሴሎች ወሬ በአንድ ሚሊዮን ክር ሲያልፍ ገና ከዓይን ሳይወጣ ተመርጦና ተጠቃሎ ነው። አንጎል የሚደርሰው ሥዕሉ ሳይሆን የሥዕሉ ማስታወሻ ነው።

ትኩር ብለን በምናይበት በሬቲናው መካከለኛ ነጥብ ላይ ያሉት ሾጣጣዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በጨለማ ውስጥ አንድን ነገር ትኩር ብሎ ማየት አለማየት ነው። ለኪዳን ጸሎት ሌሊት ስትመጡ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ምረጡ፤ አተኩራችሁ ስታዩአት ትጠፋለች፥ ዓይናችሁን ወደ ጎን ጥቂት ፈቀቅ ስታደርጉ ተመልሳ ትታያለች። እኔ በዚያ ምሽት አተኩሬ ነበር ያየሁት።

የሚበልጠው አስደናቂ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ምንም ብርሃን ተቀባይ ሴል የለም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ የታወረ ሥፍራ አለ። ይህን በ17ኛው መቶ ዘመን ያስተዋለው ኤድም ማሪዮት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የማይመስላችሁ ቢኖር በነጭ ወረቀት ላይ ትንሽ መስቀል ሣሉ፤ ከመስቀሉ በስተቀኝ በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ምስር የሚያህል ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከፊታችሁ በ30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቀረብ ራቅ አድርጉት። በአንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ድንገት ይጠፋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! በነጥቡ ቦታ የምታዩት ጨለማ ወይም ቀዳዳ አይደለም፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ነው። ያን ነጭ ወረቀት ዓይን አላየውም። አንጎል «በዙሪያው ያለው ነጭ ከሆነ ይህም ነጭ ነው» ብሎ ሞላው፤ መሙላቱንም አልነገረንም።

የኔ ነገር በዚህ ተፈታልኝ። በዚያ ብርሃንና በዚያ ርቀት ዓይኔ የተቀበለው ነጭ ጨርቅ፥ የሰው ቁመትና አረማመድ ብቻ ነው። በዚያ በር አዘውትሮ የሚገባና የሚወጣ፥ ነጠላውንም እንዲያ አድርጎ የሚያጣፋ ያ ወንድማችን ነበረ። የቀረውን አንጎሌ ሞላው። ፊቱ ከዓይኔ ሳይሆን ከትዝታዬ የመጣ ነበር፤ ሁለቱ ግን ሲደርሱኝ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው።

ይህ በዓይን ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰው «ጋ» እያለ አፉን ሲያንቀሳቅስ በፊልም እያሳዩ ድምፁን ግን «ባ» የሚል አደረጉበት፤ አብዛኞቹ ተመልካቾች የሰሙት «ባ»ንም «ጋ»ንም ሳይሆን «ዳ» ነው። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን «ባ» ይሰማሉ። ጆሮ ትክክለኛውን አቅርቦ ነበር፤ አንጎል ከዓይን ጋር አስታርቆ ሦስተኛ ነገር ፈጠረ። በቅዳሴ ጊዜ የዲያቆኑን አፍ እያየን ስንሰማ ቃሉ ይበልጥ የሚጠራልን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ይጠቅመናል።

የመዳሰስንም ለመፈተን መቁጠሪያችሁን ያዙ። መካከለኛውን ጣታችሁን በጠቋሚው ላይ አቆላልፉና በሁለቱ ጫፎች መካከል አንዲት ፍሬ ብቻ አንከባልሉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሁለት ፍሬ የያዛችሁ ይመስላችኋል። አርስጣጣሊስ የጻፈው ጥንታዊ ሙከራ ነው። የሁለቱ ጣቶች ውጫዊ ጎኖች በተፈጥሮ አንድን ትንሽ ነገር በአንድ ጊዜ ስለማይነኩ አንጎል በለመደው ፈርዶ «ሁለት» ይላል።

ስለ ምላስ ብዙ አልጽፍም፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት ተነግሮን የነበረውን፥ የምላስ ጫፍ ጣፋጩን፥ ኋለኛው ክፍል መራራውን ብቻ ይቀምሳል የሚለውን ሥዕል ከአእምሯችሁ ሰርዙት፤ ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል። ሁሉም ጣዕም በሁሉም ጣዕም ተቀባይ ሥፍራ ይቀመሳል። የምግብ ጣዕም የምንለውም አብዛኛው ሽታ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን ወጥ ሁሉ አንድ የሚሆንብን ለዚህ ነው። እናቶቻችን ደግሞ «ሚጥሚጣው አቃጠለኝ» ሲሉ ሳይንስ ከእነርሱ ጋር ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ቅመም፥ ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት የሚቀሰቅሰውን ያንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ይህን ተቀባይ በ1997 እ.ኤ.አ. ያገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፤ ጁሊየስም ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ምላሳችን እሳት ሳይነካት እሳት ብላ ትመሰክራለች።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ሕዋስ የሚያቀብለውን አንጎል የሚተረጉምበትን ቋንቋ ከየት ተማረ? እ.ኤ.አ. በ1688 ዊልያም ሞሊኖ የተባለ የአየርላንድ ሰው ለፈላስፋው ለጆን ሎክ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነና በእጁ ዳሶ ድቡልቡሉን ከማዕዘናሙ የሚለይ ሰው፥ ድንገት ዓይኑ ቢበራ፥ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸው ይሆን? ብሎ ጠየቀ። መልሱ የመጣው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በሕንድ አገር ዕውር ሆነው ተወልደው በቀዶ ሕክምና ማየት የጀመሩ 5 ልጆች ተጠኑ፤ ውጤቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። ወዲያው እንደ ታከሙ በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው ሊለዩት አልቻሉም። በቀናት ውስጥ ግን መለየት ጀመሩ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር እዚህ ላይ አለማስታወስ አይቻልም። ጌታ በመጀመሪያ ጊዜ እጁን ሲጭንበት ሰዎችን አየ፥ ነገር ግን የሚመላለሱ ዛፎች መሰሉት፤ ሁለተኛ ሲጭንበት ሁሉን አጥርቶ አየ። ይህን ክፍል ልጅ ሳለሁ ሳነብ «ለምን በአንድ ጊዜ አልተፈወሰም?» እያልኩ እገረም ነበር። የትርጓሜ መምህራን የሚሰጡትን ምሥጢር ለእነርሱ ትቼ፥ አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ የሚለውን ብቻ ልበል፤ ለዓይን ብርሃን መስጠት አንድ ሥራ ነው፥ የሚታየው ሰው መሆኑን ማወቅ ሌላ ሥራ ነው። ለዚያ ሰው ሁለቱም በዚያው ሰዓት ተሰጡት። እኛ ሁለተኛውን በሕፃንነታችን፥ እናታችንን በእጃችን እየዳሰስን በዓይናችን እያየን፥ ቀስ በቀስ ስለ ተማርነው አንድ ሥራ ብቻ ይመስለናል።

በአገራችንም በሐዋሳ ከልደታቸው ጀምሮ ሞራ የነበረባቸውና ከብዙ ዓመታት በኋላ የታከሙ ልጆች ተጠንተዋል። አጥኚዎቹ የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ኤሁድ ዞሃሪ፥ የጀርመኑ ማርክ ኤርንስትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ልጆቹ እንደ ታከሙ ሰሞን የዓይንና የእጅ ወሬ አስተባብረው የዕቃን መጠን መገመት ያዳግታቸው እንደ ነበር፥ ከወራት በኋላ ግን ይህን እንደ ተማሩት ገልጠዋል።

ኤርንስት ከዚያ ቀደም ብሎም፥ በ2002 እ.ኤ.አ.፥ ከማርቲን ባንክስ ጋር አንድ የታወቀ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ሰው አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ሲያየውና ሲዳስሰው አንጎሉ ሁለቱን ምስክሮች እኩል አያያቸውም፤ ይበልጥ የታመነውን ይበልጥ ይሰማል። ምስሉ ጥርት ያለ ሲሆን ለዓይን ያደላል፥ ምስሉ ሲደበዝዝ ለእጅ ያደላል። ልክ እንደ ጥሩ ዳኛ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ይስሐቅ እንምጣ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ያለው ታሪክ አምስቱም ሕዋሳት ተራ በተራ የሚመሰክሩበት ነው። የበረከቱ ነገር በእግዚአብሔር ፈቃድ የሆነ ምሥጢር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ የምመረምረው የሽማግሌውን ጆሮና እጅ ብቻ ነው። ዓይኑ ፈዟል። ጆሮው የመጣው ያዕቆብ መሆኑን በትክክል ነገረው፤ ዓይኑ ለፈዘዘ ሰው ደግሞ ከጆሮ የታመነ ምስክር የለም። ይስሐቅም ጠርጥሯል፤ ሞኝ አልነበረም። ልጁን አስጠግቶ ዳሰሰው፥ እጁ ጠጉራም ሆነ። የሚወደውን ምግብ ቀመሰ፥ እንደሚወደው ነበረ። ልብሱን አሸተተ፥ የዔሳው ልብስ ነበረ። አንድ ምስክር በአንድ ወገን፥ ሦስት ምስክሮች በሌላ ወገን ቆሙ፤ እርሱም ለሦስቱ ፈረደ። ማናችንም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር።

ነገር ግን ሦስቱ ምስክሮች በእውነት ሦስት ነበሩን? የፍየሉን ለምድ በያዕቆብ እጅ ላይ ያደረገችው ርብቃ ናት። ወጡን የሠራችው ርብቃ ናት። የዔሳውን ልብስ ያለበሰችውም እርሷው ናት። ስለዚህ ቢቆጠሩ ሦስት ይሁኑ እንጂ ከአንድ ቤት መክረው የወጡ ናቸው። ማንም ያላዘጋጀው፥ በራሱ የመጣ ምስክር ድምፁ ብቻ ነበር።

ይህን ሳነብ እኔም ሁለቱን ጓደኞቼን አስታወስኩ። እኛም ሦስት ምስክሮች ነበርን፤ ሽማግሌዎቹ ያመኑንም ሦስት በመሆናችን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሰው ከበሩ ሲወጣ በመጀመሪያ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «እገሌ ነው፥ አይደል?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እነርሱም እርሱን አዩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልሳቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው፥ ከፊሎቹን «መኪናዎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ከፊሎቹን ደግሞ «ሲደቃቀሱ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲሏቸው «ሲጋጩ» የሚለውን ከሰሙት 50 ሰዎች 7ቱ፥ «ሲደቃቀሱ» የሚለውን ከሰሙት 50 ግን 16ቱ አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል መስታወት ሰበረች። በአሜሪካም በዘር ምርመራ፥ ማለትም በዲ.ኤን.ኤ.፥ ንጹሕ መሆናቸው ከተረጋገጠ ከ300 የሚበልጡ የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳይ ውስጥ በ100 ወደ 70 የሚሆነው የዓይን ምስክሮች ስሕተት ያለበት ነው። ብዙዎቹ ምስክሮች እንደ እኔ ሳይዋሹ ነው የተሳሳቱት።

በመጽሐፈ ሶስና ያለውን የነቢዩ ዳንኤልን ፍርድ ሁላችን እናውቃለን። ሕዝቡ ሁለት ሽማግሌዎች ተስማምተው ስለ መሰከሩ ሊፈርድባት ሲል፥ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ በታች አየሃቸው?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ። እነዚያ ሆን ብለው የዋሹ ነበሩ፥ እኛ ግን አልነበርንም፤ ይሁን እንጂ መለያየቱ ለሐሰተኛውም ለተሳሳተውም እኩል ይሠራል። እኛ ሦስታችን ተለያይተን ብንጠየቅ ኖሮ፥ አንዱ ጓደኛዬ በኋላ እንደ ነገረኝ፥ «ሰው አየሁ፥ ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም» ይል ነበር። ስለዚህ ባለፈው ወር ለሥራ አመራሩ ባቀረብኩት ሐሳብ መሠረት፥ ከእንግዲህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ አየሁ የሚል ሁሉ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ያየውን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥ ተወስኗል።

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ስዘጋጅ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ባለፈው ሳምንት፥ ልክ በዚያች ሰዓት፥ በዚያው ቦታ ቆምኩ። ሦስት መዘምራን ነጠላ አጣፍተው እኔ በማላውቀው ተራ ከዕቃ ቤቱ በር እየወጡ በዛፎቹ ሥር እንዲያልፉ አደረግሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ያው የበደልኩት ወንድማችን ነው፥ በራሱ ፈቃድ ነው የመጣው። አሥራ ሁለት ጊዜ አለፉ፤ እኔም በየጊዜው ማን እንደ ሆነ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፥ በአብዛኛውም እርግጠኛ ነበርኩ። በኋላ ስናመሳክረው ያገኘሁት 5ቱን ብቻ ነው። ከሳትኳቸው ከ7ቱ በ4ቱ ላይ የጻፍኩት የእርሱን ስም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።